የልብስ ማስጫው

የእናቴ ልብስ ማስጫ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣
ከግንቡ ሚስማር ተነስቶ ባሕር ዛፉ ላይ የሚታሰር፣
ተመልሶ ደግሞ ከቆርቆሮው አጥር፣
ውሃ የጠገበ ገመድ ነው፣ ስንት ሐይቅ ያዳረሰ፣
ጫፉ ድንጋይ ተሸክሞ ከጨለማው የደረሰ።

አባቴ እብሬ አበጋዝ፣ የውሃ መሥሪያ ቤት ለኪ፣
በየክንዱ ቋጥሮት ነበር፣ ታንኳ ላይ ተንበርካኪ።
ድንጋዩ መሬት ሲነካ እጁ ላይ ቅልል ይለዋል፤
ያኔ ትንፋሹን ይውጥና ባለቀለም ክር ያስራል።

ቀይ ክር ለሐይቅ፤
ስሙም ሐይቅ፣ ግብሩም ሐይቅ፣ ሌላ ስም አላሻውም፤
ግቢያችን ስድስት ምልልስ ሰጥቶት እንኳ አልበቃውም።
«ታች የለውም» ሲሉት አሣ አጥማጆች ከዳር ቆመው፣
«ታች የሌለው ወሬ ነው» ብሎ ድንጋዩን ለቀቀው።

ሰማያዊ ክር ለአርዲቦ፣ በጥልቀት ከሐይቅ ላነሰው፣
ታናሽ ሆኖ ከላይ ተቀምጦ ለታላቁ ለሚያፈሰው።
ነጭ ክር ለማይባር፤ ያን ቀን ጉሙ እንደ አጥር፣
ቋጠሮውን በዳበሳ ቆጠረ፣ ሳያይ ክሩን ሲያስር።
ጎልቦ ክር የለውም። ድንጋያችን ደንገሉ ውስጥ ቀረ፤
ለአዲስ ድንጋይ ማመልከቻ ጽፎ ዓመት ሙሉ ተከራከረ።

ጥቁሩ ክር ግን ለግድቧ ነው፣ ከኮምቦልቻ በላይ ላለችው፣
በተመረቀች ዓመት ገመዱን አሥራ አራት ክንድ ለዋጠችው።
በሚስማሩና በጥቁሩ ክር መሀል ያኔ ሲሰጣ፣
ስድስት ሸሚዝና ሁለት አንሶላ ነበር ፀሐይ የሚጠጣ።

ክረምት መጣ፣ ክረምት ሄደ፤ አፈር ከዳገቱ ወረደ፣
የጤፍ ማሳ፣ የመንገድ ቁፋሮ፣ ያልተከለለ ጓሮ ተናደ።
አባቴ በየጥቅምቱ ወርዶ፣ ለክቶ፣ ሲመጣ፣
ክሩን ፈትቶ ወደ ሚስማሩ ያስጠጋል፣ ቃል ሳያወጣ።
እናቴ፣ «ታዲያ አንሶላዬን የት ላስጣው?» ትለዋለች።
«ሐይቅ ላይ» ይላታል። «ሐይቅ ቦታ አለው።»

ገመዱን ትቶልኝ ከሄደ አምስት ጥቅምት አለፈ።
ትናንት በሐረጎ ጠመዝማዛ ወረድኩ፣
ድምፅ ልኮ ጥልቀት የሚያነብ ሣጥን አንግቤ።
ቁጥሩ በመስታወቱ ላይ በራ፤
እጄን ግን ምንም አልቀለለውም።

ማታ ደሴ ገብቼ፣ ብርዱ ጣቴን እያደነዘዘው፣
ክሩን ፈታሁ፣ አስጠጋሁ።
እናቴ ዘንድሮ አልጠየቀችም።
ጠዋት ወጥታ በሚስማሩና በጥቁሩ ክር መሀል
የልጄን አንድ እግር ካልሲ አሰጣች፤
ሁለተኛውን
ሐይቅ ላይ።