ከባዶ ቤት ብድር

ከተማው ብሩክስ ይባላል፤ ብሩክ ነው አንድ ፊደል ተርፎት፣
ከብቱ ከሰው ይበዛዋል፤ ሜዳው በረዶ ተነጥፎለት።
እኔ ቢላዋ ላይ ነኝ፣ በስጋው ፋብሪካ፣ የማታ፣
መንጠቆ ሲያልፍ እቆጥራለሁ፣ እንቅልፍ እጄን እንዳይረታ።
በደቂቃ አምስት፣ በሰዓት ሦስት መቶ፣ እስከ እረፍት ስንት?
ስሌት የምሠራው እዚያ ነው፤ ማንም አያርምልኝ ስህተት።

ማክሰኞ ግን እረፍቴ ነው። ሐሴት ከአውቶቡስ ወርዳ፣
ጓንቷን በጥርሷ አውልቃ፣ ቦርሳው ውስጥ እጇን ሰዳ፣
ወረቀት ሳበች፤ ጥጉ የብርቱካን ጭማቂ የጠጣ፣
«አባ፣ ይሄ ለነገ ነው፤ አልገባኝም» አለች በቁጣ።

ሦስት መቶ አራት ሲቀነስ መቶ ስድሳ ስምንት።
ይሄንማ አውቀዋለሁ! ከተማርኩት ሠላሳ ዓመት፣
ጋሽ ማናዬ በማስመሪያ ጣቴ ላይ የጻፉት ነገር፣
በረዶም ቢላም አልፋቀው፤ ይኸው ቆሟል እንደ አጥር።

«ተመልከች። ከአራት ላይ ስምንት መቀነስ አይቻልም።
ጎረቤት ትሄጃለሽ፤ መበደር ነውር አይደለም።
ጎረቤት ማነው? ዜሮ ነው፤ ባዶ ቤት፣ ጓዳው ኦና፣
ግን ‹የለኝም› አይልሽም፤ ‹ቆይ› ይልሻል፣ ይነሣና
ሦስት ደጅ ሄዶ ያንኳኳል፤ ላንቺ ሲል አንገቱን ይሰብራል፣
አንዷን መቶ ተበድሮ፣ ዐሥር ዐሥር ይመነዝራል፣
አንዱን ዐሥር ለአራት ሰጥቶ፣ ዘጠኙን ይዞ ይቀራል።
አራት ዐሥራ አራት ሆነ። ስምንት ሲወጣ ስድስት።
ከዘጠኝ ስድስት ሲወጣ፣ ሦስት።
ከሁለት አንድ፣ አንድ።
መቶ ሠላሳ ስድስት።»

እርሳሷን ነከሰች።
«መቼ ነው የሚመልሱት?»
«ምኑን?»
«ብድሩን ነዋ። አራት ለዜሮ፣ ዜሮ ለሦስት።
ሚስ ፌር፣ ካልተመለሰ ብድር አይባልም፣ ልዋጭ ነው ትላለች።»

ፍሪጁ ብቻ አጉረመረመ።
በሩ ላይ የመኪናው ዕዳ በማግኔት ተለጥፏል፤
አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ዶላር፣ ወር በገባ ዐሥራ አምስት።
ሠላሳ ዓመት ስበደር፣ ከዜሮ ደጅ ስመላለስ፣
አንድ ቀን አልጠየቅሁም፤ ያ ዘጠኝ ለማን ይመለስ?

ተራዋ ሆነ። ቀጭን መስመር በወረቀቱ አሰመረች፣
መቶ ስድሳ ስምንት ላይ ቆማ፣ እንደ ፌንጣ ዘለለች።
«ሁለት» ወደ መቶ ሰባ። «ሠላሳ» ወደ ሁለት መቶ።
«መቶ አራት!» መስመሩ አልበቃት፤ ከወረቀቱ ጠርዝ ወጥቶ
ጠረጴዛው ላይ ቀረ፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀም።
ማንንም አልለመነች፤ ማንም በር ላይ አልቆመም።
ሁለት፣ ሠላሳ፣ መቶ አራት። ደመርነው።
ያው ነው።

ልዋሽ? መጀመሪያ ከፋኝ። ጋሽ ማናዬ በውስጤ ተነሡ፣
ማስመሪያቸውን ፈለጉ፤ አጡትና ተመለሱ።

ሐሙስ ወረቀቱ መጣ። ሁለቱንም ጽፋው ነበር፣
የኔን ከላይ፣ የሷን ከታች፣ መሐል ላይ የእርሳስ ድንበር።
ከኔ ዜሮ አጠገብ ሚስ ፌር በአረንጓዴ ጽፋለች፤
ሐሴት ከእንግሊዝኛ እየመነዘረች አነበበችልኝ፦
«ይህ ዘጠኝ ከየት መጣ? ለክፍሉ ንገሪን።»
«ነገርሻቸው?»
«አዎ። ዜሮ ምንም አልነበረውም፣
ለሰው ብሎ ለመነ፣
ከዚያ ትንሽ ተረፈው አልኩ።»
ብስኩቷን ፍለጋ ሄደች።

ማታ ፋብሪካው በር ላይ ማጆክን አገኘሁት፣
አዲስ ስመጣ የወር ኪራይ ያበደረኝን፣
እሱም በዚያ ወር ሥራ የፈታውን።
«ያኔ ከማን ተበድረህ ነው?» አልኩት።
ሳቀ። «ዛሬ ምን ነካህ?» አለ፤ ጓንቱን አጠለቀ።
መንጠቆዎቹ መጡ።
ቆጠራዬን ከዜሮ ጀመርኩ።