ስም፦ ይበቃኛል

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ታካሚው ሁሉ ሲወጣ፣
በጓሮ በር በኩል አንድ ሌላ ታካሚ መጣ፤
ጋሽ ወርዶፋ በካፖርቱ ጠቅልሎ፣
የኋላ እግሮቹ እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠልጥለው።

ስም ጠየቅሁት ለመዝገቡ።
«ይበቃኛል።»
«ገና ሳንጀምር ምኑ ነው የበቃህ፣ ጋሼ?»
«ስሙ ነው፣ ልጄ። ይበቃኛል ነው የሚባል።»
ጻፍኩ። ዕድሜ፦ በግምት ዘጠኝ።
ሥራ፦ ባዶውን መተው ከበደኝ፤
ጥበቃ፣ አልኩ።

ዶክተር ኢክራም ራጁን ወደ መብራቱ አነሣች፤
አከርካሪው እንደ መቁጠሪያ ተርታውን ይዟል፣ አንዲት ፍሬ አልጎደለች።
«ራጅ የሚያሳየን ግንቡን ነው» አለች፣
«ከግንቡ ውስጥ ማን እንደገባ አይናገርም።»

ማግኔቱ ብረት ይጎትታልና
የአንገቱን ሰንሰለት ፈታን።
ጋሽ ወርዶፋም ቀበቶውን፣ የቁልፍ እስሩን፣
ፊሽካውን ሳይቀር ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረ።
ማደንዘዣው ገባ። ምላሱ በጎን ወጣች።
ለሰው ቁመት የተለካው አልጋ
ግማሹ ባዶ ቀረ።

ከዚያ ጩኸቱ፤ ዱ ዱ ዱ ዱ፣
ግድግዳ እንደሚንድ መዶሻ።
«ይህን ድምፅ ያውቀዋል» አለ ጋሽ ወርዶፋ፣ ዓይኑን ከመስታወቱ ሳይነቅል።
«ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ
ጌቶቹ ዕቃ ጫኑ፤ መኪናው ላይ ለሱ ቦታ ጠፋ።
በሩ ተነቅሎ ከሄደ በኋላ
ስድስት ቀን በሩን ጠበቀ።»

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ?
ይኸኛው ምንም ባልበላበት ነው የጮኸ።

ምስሉ መጣ፣ ቁርጥ በቁርጥ።
ኅብለ ሰረሰሩ ግራጫ ክር ሆኖ ይወርዳል፣
ይወርዳል፣
ቀለሙን በደም ሥሩ ስንሰድለት
አንዲት የአተር ክክ በራች።
ከሽፋኑ ሥር ተሸጉጣ፣ ክሩን በክርኗ ገፍታ፣
ነጭ፤ በመስኮቱ ከሚታየው የፒያሳ መብራት ሁሉ የነጣች።

ዶክተር ኢክራም በእርሳሷ ጫፍ
«ይኸውና ሌባው» አለች።
«ይወጣል?»
«ከሽፋኑ የበቀለ ከሆነ፣ ይወጣ ይሆናል።
ከክሩ ከሆነ ግን…»
እርሳሷን ኪሷ ከተተች።

ኮሪደሩ ላይ ነቃ። ጋሽ ወርዶፋ በስሙ ጠራው፣ ቀስ ብሎ፣
ሁለት ጊዜ።
ጅራቱ ጫፏ ብቻ፣ እንደ ሰዓት ቆጣሪ፣ አንዴ አለች።

ሂሳቡን ጠየቀኝ።
የታካሚውን ስም ደግሜ አነበብኩለት።
ሲስቅ ይሁን ሲያለቅስ ሳልለይ
ታቅፎት ወደ ቸርችል ቁልቁለት ወጣ፣
ፊሽካውን ረስቶ።

ጠዋት የመጀመሪያዋ፣ የጉልበት ታካሚ፣
ከአልጋው ላይ አንድ ቡናማ ፀጉር አነሣች፤
«ደግሞ ይሄ የማን ነው?»
የዘበኛ፣ አልኳት።