ነባሪ

ኅዳር ሼርቮይ ገባ፥ ፀሐይቱን ሸኝቶ፤
ፊዮርዱ ዝም አለ፥ ጥቁር ውሃ ተኝቶ።
ራግንሂልድ ሞተሯን አጥፍታ፥ ካሜራው ላይ ጎንበስ ብላ፣
አንድ ጅራት ትጠብቃለች፥ ጣቶቿን ከብርድ ከልላ።

ፉ...ሽ! ትንፋሹ ቀደመው፥ ሄሪንግ ሄሪንግ የሚል ጉም፤
ከዚያ ጉብታው፥ ከዚያ ክንፉ፥
ከዚያ ምንም።

ከሥር እየዞረ ነው፥ አረፋ እየነፋ፥ ቅጥር ሠርቶ በእስትንፋስ፤
ዓሣው በባዶ አየር ታጥሮ፥ መውጫ አጥቶ ሲተራመስ፣
ተነሣ፤ አፉ ደጃፍ፥ ጉሮሮው እጥፋቱን ፈትቶ፤
የውሃን ለውሃ መለሰ፥ የሆድን ለሆድ አስቀርቶ።

ሲጠልቅ ጅራቱን አየች፦ ግራው ነጭ፥ ቀኙ ጠባሳ።
«አንተ ነህ» አለች፤
ሌላ ቃል አልነበራትም፥ የምታነሣ።

ጥር ሲገባ ይሄዳል ወደ ሞቃት ባሕር፥ ጾሞ ሊያዜም ለእንስቷ፤
እዚህ በልቶ እዚያ ዘፋኝ! ዜማው አንዴም አልደረሰ ከቤቷ።

«ዓሣ ነባሪ» ያለው ማን ነው? ዓሣም አይደል፥ ነባሪም።

ነባሪስ እሷ ናት፤
የአሥራ አንድ ዓመት ጅራት ከወጥ ቤቷ ግድግዳ ሰቅላ፣
ለከርሞው
አንድ ባዶ ምስማር ከጎኑ አክላ።