ግማሽ ምት ዘግይቶ

ደብረ ሲና፣ ከመናኸሪያው ማዶ፣ ከቆሎ ሻጮች ራስጌ፣
ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነኝ፣ ካሮጌ ኮምፒውተር ግርጌ።
ከጣርማበር የወረደ ጉም መስኮቴን ሲያረጥብ፣
ሠርግ እቆርጣለሁ፣ ምቱን እንደ ዳዊት በጣቴ ሳነብ።

ሃያ አምስት ፍሬም ናት ሰከንድ ስትዘረዘር፤
አንዷ ከሳተች ዓይን ያውቃል፣ እንደ ምስር ውስጥ ጠጠር።
ዘርጋው ነው ያስተማረኝ፣ ደብረ ብርሃን ሳለሁ፤
እስከ ዛሬ ቃሉን በጆሮዬ እሰማለሁ፦
«ምቱ ላይ አትቁረጪ፣ ባንድ በሁለት ቅደሚው፤
ዓይን ከጆሮ ይልቅ እንቅልፋም ነው፣ ቀድመሽ ቀስቅሺው።»

የድምፁ ሞገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲዘረጋ
ተራራችንን ይመስላል፣ ጥርስ ጥርሱ ጎልቶ ሲነጋ።
ከበሮው ሲመታ ሸንተረር፣ ሲተነፍስ ሸለቆ፤
ቢላዬ ጫፍ ጫፉን ይሄዳል፣ እንደ ፍየል ተጠንቅቆ።

ዱም! ጫማዋ፣ ከመኪናው ደፍ።
ዱም! የሚዜው መነጽር።
ዱም! አበባ፣ ርግፍ።
ዱም! ትከሻ። ዱም! ትከሻ። ዱም!
መብራት ጠፋ።

ሦስት ሰዓት ሙሉ በጨለማ፣ እጄን አጣጥፌ
የልጆቹን ሩጫ ሰማሁ፣ መስኮቱን ተደግፌ፦
አውቶቡስ ፍሬን ሲይዝ፣ ጫማ፣ ጫማ፣ ጫማ፣
ሳንቲም፣ የመስኮት መውረድ፣ «ጨምሪበት እንጂ!» የሚል ዜማ።
ማንም ምት አልቆጠረላቸውም። አንዷም አልሳተች።

መብራት ሲመጣ፣ አንድ ሰው ብቻ አልገጥምም አለ፤
የሙሽራዋ አባት፣ አቶ ወሰንየለህ፣ እጁ የዋለለ።
ሁሉ ሲያጨበጭብ እሱ እጁን ያነሣል፤
ሁሉ ዝም ሲል፣ ያኔ የሱ ይደርሳል፣
ግማሽ ምት ዘግይቶ፦
ጧ።

ወደ ግራ ጎተትሁት፤ ከንፈሩ ከዘፈኑ ተለየ።
ቆረጥሁት፤ እጁ አየር ላይ እንደ ተሰቀለ ቆየ።
በሚዜዎች ሸፈንሁት፣ በኬክ፣ በርችት፣ በጭስ፤
እሱ ግን ካንዱ ጥግ ብቅ ይላል፣ ደስ ብሎት፣ ምት ሲጥስ።

ሐሙስ ቀን የሺመቤት መጣች፣ የቀረውን ብር ይዛ፤
እስከ መጨረሻው አየችው፣ አገጯን በእጇ ይዛ።
«አባቴስ?» አለች።
«ከምት ይወጣል» አልኋት፣ አፍሬ።
ሳቀች። «እሱ እኮ ከበሮ አይሰማም፣ ጆሮው ከሄደ ቆይቷል፤
የእናቴን እጅ እያየ ነው፣ ስትመታ አይቶ ይከተላል።»

ወደ ኋላ መለስሁት። እውነትም ዓይኑ
ከበሮው ላይ አልነበረም፣ ካሜራዬም ላይ አይደለም፤
ከድንኳኑ ምሰሶ ወዲያ አንዲት ሴት፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣
እጇን ከሰው ሁሉ ከፍ አድርጋ ታጨበጭባለች፣ ለሱ ብላ አጉልታ።

ከእጇ ወደ እጁ ቆረጥሁ።
መሐሉን አልነካሁትም።

የላክሁለትን አይቶ ዘርጋው ማታ ደወለ፤
«ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ጭብጨባው አሥራ ሁለት ፍሬም ይዘገያል» አለ።
«ቆጥሬዋለሁ» አልሁት።