ሁለት ዓርብ

ዓርብ ማታ ተኙ፥ ሲነጋ ዓርብ ሆነ፤
ቅዳሜ የት ገባ? በየት በኩል ባከነ?
የሲትካው ደወል ደዋይ ገመዱን እንደያዘ
«ለየትኛው ልደውል?» ብሎ ፈዘዘ።
የሻጭ መቁጠሪያ ከገዢው ዐሥራ ሁለት ቀን ወደኋላ ነበር፤
ምድሩ እጅ ሲለውጥ ዕለቱም ተሻገረ፥ እንደ ቤት ዕቃ፣ እንደ ወንበር።

አግራፌና ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።
ከአጎቷ ጋር በታንኳ፣ በአቆስጣ ቁርበት ተጠቅልላ፣
ከታች ውሃው፣ ከላይ ኮረብታው።
ክሊንጊት ለዚህ በዓል አልተጠራም፤
የመድፉን ጓጓታ ግን ተራራው ተቀብሎ አመጣላቸው፥
የጠሪ ደንብ እንኳ ባይኖረው።

ሰንደቁ ይውረድ ተባለ።
አልወርድም አለ።
ገመዱ ተጠማዞ ጨርቁ ምሰሶው ላይ ተጠመጠመ፤
አንድ ወታደር ወጣ፣ ሌላም ወጣ፣ እየታገለ ደከመ፤
ኋላ የፈታው ሰው ወደ ታች ለቀቀው፥ ወርዶ ወርዶ
በገዛ ወታደሮቹ ሳንጃ ላይ አረፈ፥ ተቀዶ።

«እዪው» አላት አጎቷ፣ መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣
«ጨርቅ እንኳ አልሄድም ሲል ሰው ይጠብቀዋል ቆሞ።
እኛን ማን ጠየቀን?
ባለቤቱን ንቀው አጥር ቢነቀንቁ፥ እሱስ የቆየ ነው፤
እነዚህ አጥሯን ሸጠው ነው ግቢውን ያስረከቡት፥ ከነሰው።
ያቺ አጥር የእነሱ ናት፤ ከበሯ ሲወጡ እየፈሩን ነበር።
በገዛ ባሕራችን ላይ ገዙን፥ ልጄ፤
ቁጠሪው ይህን ነገር።»

እሷም ቆጠረችው፥ ካደገች በኋላ፣ ሒሳብ ስትማር፦
ሰባት ሚሊዮን ከሁለት መቶ ሺህ ዶላር።
ለኤከሩ ሲካፈል ሁለት ሳንቲም።
በሁለት ሳንቲም ምን ይገኛል? አንድ መርፌ።
ክሩን አይጨምርም።

ዘጠና ሁለት ዓመት።
ግዢው ግዛት ሆነ።
ሬድዮው አወራ፤ የዓሣ ፋብሪካው ፉጨቱን ያለ ሰዓቱ ነፋ፤
የአግራፌና ልጅ ልጅ፣ ማትሮና፣ መስኮት ሥር ተቀምጣ ትሰፋ።
መምህሩ የትምህርት ቤቱን ባንዲራ ታቅፎ መጣ፦
«አዲሱ እስኪደርስ፣ ኮከብ ጨምሪበት፤ ሌላ ሰፊ ከየት ላምጣ?»

ዘረጋችው። ስምንት በስድስት፥ አርባ ስምንት።
ክፍት ቦታ የለም፥ ለአንዲት እንግዳ እመቤት።
«ይቺን ለማስገባት» አለች «ሁሉም ተፈትቶ
ሰባት በሰባት ይሰፋል፥ ከእንደገና ተለክቶ።»
መምህሩ ሣቀ።
እሷ አልሣቀችም።

ነሐሴ ላይ እሷም ተሰልፋ «ይሁን» ብላ ድምፅ ሰጥታለች።
ወንድሟ ያንን ባንዲራ ለብሶ በሣጥን ሲመጣ አይታለች፤
«አገሬው አይገባም» የሚል ሰሌዳም፣ በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዘመን፣
ከሱቅ በር ላይ አንብባለች፥ በዓይኗ በብረቱ፣ በጠራራ ቀን።
«ከድዳ ባለቤት» አለች «ተናጋሪ ጎረቤት ይሻለኛል።»
ጎረቤቶቿ ተቈጥተው ነበር። አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ።

ላም አለኝ በሰማይ ያለ ሰው ወተቷን አላየም፤
የማትሮናም ኮከብ ከጨርቅ ነች፥ መብራት አልተሰጣትም።
ቢሆንም ሰፋቻት፥ ጥግ ላይ፣ ትንሽ አዘንብላ፣
ክሩን ግን ሳትቋጥር ተወችው፥ ጫፉን አንጠልጥላ።
«ረሳሽው?» አላት መምህሩ።
«የለም፤ ውሉ እንዳይጠፋ ብዬ ነው።»

ከዚያ የጎማ ቦቷን አጠለቀች።
ሄሪንግ ገብቷል፤ ባሕሩ ከዳር እስከ ዳር ነጥቶ ወተት መስሏል፤
ትናንት ያሰመጡት የጥድ ቅርንጫፍ ዕንቁላል አዝሎ ከብዷል።
ልጆቹ ከነውሃው ጎትተው እየቆረጠሙ ይስቃሉ።
ዕለቱ ዓርብ ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ ሆነ።