ዳክዬ

«ዳክ ልገዛ ነው» ብዬ ማታ ብነግራት
«ዳክዬ?» አለች ሚስቴ፣ ሳቋ እየቀደማት፤
«ደቻቱ አሸዋ ሆኖ፣ ድሬ እንዲህ ስትነድ፣
በየትኛው ውኃ ልታዋኛት ነው፣ ሰውዬ? በሳፋ?»

ዳክዬ አይደለም፣ ብርቅነሽ። ትንሽ ሣጥን ናት፤
ከኮምፒውተሩ የሚወጣ ቁጥር አለ፣ እሱን ነው የምትበላው፤
ዜማ ነው እንቁላሏ።
«ታዲያ ዳክዬ ናታ!» አለች እንደ አመሏ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ከሽመናው ክፍል
መወርወሪያው ሲሄድ፣ ሲመለስ፣ ቋ ሲል፣ ጓ ሲል፣
ከጆሮዬ ጠርዝ ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ ፋብሪካው ሸልቶታል፤
ሐኪሙ በወረቀት መስመር ሥሎ አሳየኝ፣
መጨረሻው ላይ እንደ ደንገጎ ቁልቁል ይወርዳል።
«ከዚህ ወዲያ ያለው» አለኝ «ላንተ ዝምታ ነው»።
እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፤ ጡረታ የወጣሁ ለት
ለራሴ የገባሁት ቃል ዘፈን በወጉ መስማት።

አምፕሊፋየሩ ደኅና ነው፤ ያኔ ባቡሩ ሲቆም
አንድ የከዚራ ሹፌር ዕቃውን በትኖ ሲሄድ የገዛሁት፤
ከስፒከሮቹም የአንዱ ጨርቅ ቢቀደድ
ብርቅነሽ በአቡጀዲ ጥፋዋለች።
ነገሩ የተበላሸው ከምንጩ ነው፦
ከማኅደር ላፕቶፕ ጎን፣ ከዚያች ጠባብ ቀዳዳ
ዘፈኑ ሲወጣ ንብ አስከትሎ ነው፣
እምምምም የሚል፣ እኔ እንኳ የምሰማው።

ቅዳሜ ታይዋን ገባን፣ አባትና ልጅ።
አይደሩስ ከመስታወቱ ላይ ሦስት ደረደረ፦
አንዷ የክብሪት ቀፎ የምታክል፣ ሁለት ሺህ አንድ መቶ፤
አንዱ ብርማ ፊት፣ ዘጠኝ ሺህ፣ ሰማያዊ ዓይኑን አጉልቶ፤
ሦስተኛውን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ አወጣው፣
ዋጋውንም በጆሮዬ ነገረኝ፣
በማይሰማው በኩል፣ እግዜር ይስጠው።

ስለ ቢት አወራ፣ ስለ ኪሎኸርዝ አወራ፤
እኔ የማውቀው ኪሎ የከፊራ ቲማቲም ነው፣
እሱንም በሚዛን ሲሰርቁኝ።

ማኅደር ሻሿን ፈታ ዓይኗን አሰረችበት።
«ሳትነግረኝ ቀያይራቸው» አለችው፣ «ጩኸታቸውንም እኩል አድርገው»።
ከዚያ ዝም። ከዚያ፦
«ይሄኛው ላይ ሁለተኛው ስንኝ ሳይጀምር
ዘፋኙ ትንፋሽ ይስባል። ሰማህ፣ አባ?»
«ሰማሁ» አልኩ።
አልሰማሁም።

ሦስት ዙር ዞረ። ሁለቴ የመረጠችው ያቺኑ ክብሪት ቀፎ፤
በሦስተኛው «እኔ እንጃ፣ ሁሉም አንድ ነው» አለች።
አይደሩስ ቀና ብሎ ማራገቢያውን አየው፣ ጥፋቱ የሱ ይመስል፤
በአሥራ ስምንት መቶ ተስማማን፣ ሽቦዋን መርቆ።

ቤት ሰካናት። ንቡ አለ።
ያው እምምምም፣ ያው ቀፎ።
ገመድ ለወጥኩ፣ ሶኬት ለወጥኩ፣
የአይደሩስን ዘር ልራገም አፌን ስከፍት
ብርቅነሽ ከጓዳ፦ «እስቲ ፍሪጁን ንቀለው።
እኔም ስተኛ እንዲሁ ነው የሚያንጎራጉርብኝ።»
ነቀልኩት።
ጸጥ።
ዳክዬዋ ምን በወጣት!
«አንድ ዘፈን ብቻ» አለች፣ «ወተት አለ ውስጡ።»

አንዱ ዘፈን ግማሽ ሳይደርስ መብራት ሄደ።
ማራገቢያው ዞሮ፣ ዞሮ፣ ቆመ፤
ሙቀቱ እንደ አበዳሪ ሳያንኳኳ ገባ።
ማኅደር ከጎኔ፣ በጨለማው፣
ከተቆረጠበት አንስታ በአፏ ቀጠለች፤
ድምፅ የላትም፣ የእናቷን ነው የወረሰችው፣ መሐል ላይ ይሰበራል፤
ሁለተኛው ስንኝ ሳይጀምር ግን
ትንፋሽ ሳበች።

«ሰማሁ» አልኩ።
«ምኑን?» አለች ብርቅነሽ፤
«መብራት ሲመጣ ፍሪጁን መልሰህ ሰካው።»