ክሩ ምን ይላል?

ሙሄ ይመር ቅኝት አያውቅም ነበረ፤
ባቲና አንቺሆዬን ለይቶ አልተማረ።
"ሁሉም ልቅሶ አይደል ወይ?" ይላል እየሳቀ፣
የታንኳውን ስንጥቅ በሬንጅ እያጣበቀ።

ግን ጎህ ሳይቀድ ገና ሐይቁ ዳር ስደርስ፣
ማሲንቆዬን ታቅፌ ጋቢ ሳለብስ፣
"አቤ" ይለኛል፣ "ክሩ ዛሬ ምን ይላል?
ታንኳዬን ልግፋት ወይስ ትዋል?"

የፈረስ ጭራ ነው፣ ከሰው ቀድሞ ያውቃል፤
ከአምባሰል ዳገት ዝናብ ሲያስብ ይላላል።
ቆዳውም ይደክማል፣ ድምፁ ይታፈናል፣
እርጥብ ጨርቅ እንደመቱ "ዱፍ" ብሎ ይቀራል።
እኔ እነግረዋለሁ። እሱም ያንን ሰምቶ
ወይ ገመድ ይፈታል፣ ወይ ይገባል ትቶ።

በለውጡ ከእሱ ዘንድ ሌላ ጆሮ ተማርኩ፤
መቅዘፊያው ሲጠልቅ ጥልቀቱን አደመጥኩ፦
"እዚህ ጋ ድንጋይ ነው... እዚህ ጋ ደለል ነው..."
"እዚህስ?"
"እዚህ ጋ ዝምታ ነው።"
ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ስጫወት የማርፈው፣
ከዜማ ወደ ዜማ ጥልቁን የማሳልፈው።

አንድ ጥር ነበረ። ማዶ፣ ወረባቦ
ሰርግ ተጠርቻለሁ፤ ኪራዬ ተሰብስቦ
የሦስት ወሩ አፍጥጧል። ክሩ ግን ላላብኝ።
መቃኛውን በጣቴ፣ ሙሄ እንዳያየኝ፣
አንድ ዙር አጠበቅኩ።
"ምን ይላል?"
"ሰላም ነው።"
"ቢስሚላህ" አለና ታንኳይቱን ገፋው።

እኩለ ሐይቅ ላይ ውሃው ተነሳ፤
ነፋስ እንደ ደመኛ፣ ያለ አንዲት ወቀሳ፣
መቅዘፊያውን ነጠቀው።
ሙሄ እጁን ዘረጋ። ማሲንቆዬን ሰጠሁት።
ቀዘፈ፣ ቀዘፈ፣ ቀዘፈ፣
ቆዳው ተቀደደ፣ ክሩ ውሃ ላይ ተንሳፈፈ።

ደረቅ መሬት ስንደርስ ደረቱን እያሸ
"ወይ አቤ" አለ ሳቀ፣ "ክርህ ዛሬ ዋሸ።"
በሳምንቱ መጣ የፍየል ቆዳ ይዞ፤
"ማሲንቆህን በላሁት" አለኝ ተክዞ።
ክር አይዋሽም ነበር። ይህን አላልኩትም።
አሥራ ስድስት ዓመት፣ ዋጥኳት፣ አልተፋኋትም።

አሁን ሞተር መጣ። ጀልባው ያጓራል፣
የአየሩ ጠባይ በስልክ ይነገራል።
ሙሄ ዓይኑ ፈዝዞ ከሾላው ሥር ውሎ
ያንኑ ይጠይቃል፣ ታንኳ ያለው መስሎ፦
"አቤ፣ ክሩ ዛሬ ምን ይላል?"
ዛሬ ግን
ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አልያዝኳትም ቃሏን።
"ያን ቀን እኔ ነኝ፣ ሙሄ። ክሩማ ላልቶ ነበር።"

ዝም አለ። አንድ ዓሣ ዘለለ ከዳር።
"ያን ለት መቃኛህ 'ሲጢጥ' ሲል ሰማሁ፤
ዕድሜዬን በእንጨት ላይ የኖርኩ አይደለሁ?
እንጨት ሲዋሽማ ከሩቅ እለያለሁ።"

"ታዲያ ለምን ገፋህ?"
ከዘራውን ዳሰሰ፤
"ኪራይ ነበረብህ" ብሎ መለሰ።

ከዚያ፣ ምንም እንዳልተባለ፦
"አሁን በል ንገረኝ፣ ምን ይላል?"
ክሩን ነካሁት።
"ላልቷል፣ ሙሄ" አልኩት።
"እንግዲያ ዝናብ ነው፤ ቤት እንግባ" አለኝ።
ማንኛችንም አልተነሳንም።